በባጃጁና በመኝታው መካከል

ፍኖተ ሰላም ላይ ከባሕር ዳሩ አስፋልት ገባ ባሉት ሰፈሮች፣ ባጃጅ የሚያድረው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጎን በተቀጠለች ክፍል ነው። ግቢው ጠባብ ነው፤ ባጃጁ ደግሞ የቤቱ እንጀራ ስለሆነ ደጅ አሳድሮ እንቅልፍ የሚወስደው የለም። ስለዚህ ከዋናው ቤት ግድግዳ ላይ ሌላ ሦስት ግድግዳ ይጨመራል፣ ቆርቆሮው ይረዝማል፣ በር ይገጠማል። ቡሬም እንዲሁ ነው። ወደ ገጠሩ ወጣ ሲባል በባጃጁ ፋንታ ሞተር ሳይክል ወይም የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር ይቆማል። ማደያው ቤንዚን ሲያጣ መጠባበቂያ ተብሎ የተገዛ ጀሪካንም አጠገቡ አይጠፋም። ከግድግዳው ማዶ ልጆች ተኝተዋል።

ይህ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነው። ብሎኬት ለመግዛት አቅም ያገኘ ሰው የጭቃ ግድግዳን በድህነት ይፈርጀዋል። እሳትን በተመለከተ ግን ፍርዱ ያለቦታው ነው ባይ ነኝ።

የምርጊት ሥራ ጉድጓዱ ላይ ይጀምራል። ቀይ አፈር ተቆፍሮ ይለሰልሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከውቂያ የተረፈ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበትና በእግር ይረገጣል። በዚህ አካባቢ ቀይ አፈር ሞልቷል፤ መረሬው ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ለብቻው ለግድግዳ አይሆንም። የተረገጠው ጭቃ እየተገላበጠ፣ ውሃ እየተጨመረበት ለቀናት ይቦካል። ሲደርስ ሽታው ይለወጣል፤ ጭዱ ለስልሶ ከአፈሩ ይዋሃዳል፣ በእጅ ሲዘገን እንደ ሊጥ ይሳባል። በደንብ ያልቦካው ማገር ላይ ቢለጠፍ ተንሸራቶ ይወርዳል። የቦካው ከሁለቱም ወገን በማገሮቹ መካከል እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ ያ ደርቆ ስንጥቁ ሲታይ ሁለተኛው ዙር ይመረግበታል፣ ከዚያ ልስኑ። ልስኑ ላይ አንዱ አመድ ይጨምራል፣ ሌላው እበት። ጎረቤት በወንፈል ከተሰባሰበ መካከለኛ ቤት በአንድ ቀን አንድ ዙር ይመረጋል።

አፈር አይነድም። ነበልባል ቢያገኘው ይበስላል እንጂ አይቀጣጠልም። ጭዱም በጭቃው ተሸፍኖ አየር ስለማያገኝ እሳት አያቀጣጥልም። ባሕር ዛፉ ግን የሚድነው እስከተሸፈነ ድረስ ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰው ወጪ ለመቆጠብ በመኝታው በኩል አሳምሮ ያስለስንና በባጃጁ በኩል ማገሩን እርቃኑን ይተወዋል። እሳቱ የሚነሳው ከየት ወገን ነው? ቢያንስ ቢያንስ ወገኑ ይገላበጥ እንጂ!

በሌላው ዓለም ይህን ሥራ የሚሠራው ጂፕሰም ነው። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ደንብ መኪና ማሳደሪያና ቤት ግድግዳ ሲጋሩ ቢያንስ 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጂፕሰም ቦርድ እንዲለበስ ያዛል። የጂፕሰም 21 በመቶ ያህል ክብደቱ በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው፤ እሳት ሲያገኘው ያ ውሃ እስኪተን ድረስ የጀርባው ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚጓዝ ሰው ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ የሚያልፈው በዚሁ የጂፕሰም ንጣፍ መካከል ነው። ጭቃ የዚያን ያህል ውሃ አያስርም፤ በውፍረቱ ግን ይክሳል። ስንዝር የሚሞላ፣ በሁለቱም ወገን የተመረገ ግድግዳ ቤተሰቡ ተነስቶ እስኪወጣ ጊዜ ይሰጣል።

ችግሩ ከላይ ነው። የሣር ክዳን ቤት ሙቀትና ብርድ የሚከላከል ነበር፤ ከምድጃ የተነሳ ፍንጣሪ ግን ጣራውን ይዞት ይሄዳል። ቆርቆሮ ሲመጣ የጣራ እሳት ስጋት ቀረ፤ በፈንታው ቀን የሚያነድ፣ ሌሊት የሚያንዘፈዝፍ ቤት ተገኘ። ለዚያ መላው ኮርኒስ ሆነ፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የተያዘው አየር ሙቀቱን ያለዝባል። የቻለ ቺፑድ ያስመታል፣ ያልቻለ አቡጀዴ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ይወጥራል። ሁሉም ይነዳሉ። የማዳበሪያው ከረጢት ፕላስቲክ ስለሆነ 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጥና እየነደደ ይንጠባጠባል። ቆርቆሮ ያባረረውን የጣራ እሳት ኮርኒስ መልሶ አስገባው ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ግድግዳው ኮርኒሱ ላይ ሲደርስ መቆሙ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከባጃጁ ክፍል እስከ መኝታው ክፍት ነው። ከታች ስንዝር ሙሉ ጭቃ ተደርድሮ እሳቱ ከላይ ዘሎ ያልፋል። እኔ ብጠየቅ ብሩን ለባጃጁ ክፍል ኮርኒስ አላወጣም፤ ባጃጅ ሙቀት አይጎዳውም። ያንን ገንዘብ የጋራውን ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ለማድረስ አውለዋለሁ፤ ቋሚና ማገሩ ይቀጠላል፣ በሁለቱም ወገን ይመረጋል፣ ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይደፈናል። የሚያገናኝ በር ካለ በላሜራ ይለበሳል።

ቤንዚን የራሱ ጠባይ አለው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለል ለወለል ይሳባል። በበሩ ሥር አልፎ የቡና ከሰል ወይም ኩራዝ ያለበት ድረስ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የባጃጁ ክፍል ወለል ከቤቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበል፣ የአየር ማስገቢያውም በውጩ ግድግዳ ከወለሉ ጠጋ ብሎ ይከፈት። ጀሪካኑ ክፍሉ ውስጥ ጨርሶ ቦታ የለውም፤ ግቢው ጥግ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ በማያገኘው ዳስ ሥር ይቀመጥ።

የግድግዳው አናት በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ቆርቆሮ ቀን ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፤ በሞገዶቹ ሥር የተጠቀጠቀው ጭቃ በዚያ እንቅስቃሴ እየተላቀቀ ይረግፋል። ክረምቱ ሲወጣ ቤቱ ለበዓል በሚለቀለቅበት ሰሞን መሰላል ተወጥቶ፣ ጭድ በዛ ያለበት ሁለት ሦስት ባልዲ ጭቃ ክፍተቱን ይደፍነዋል።