ኤክስኤስኤልቲ፦ ደረሰኝ የሚደምረው ቋንቋ

አንድ ሱቅ ሽያጩን በኤክስኤምኤል ፋይል እንዲህ መዘገበ እንበል፦

<ደረሰኝ>
<ዕቃ ስም="ስኳር" ዋጋ="120" ብዛት="2"/>
<ዕቃ ስም="ቡና" ዋጋ="450.50" ብዛት="1"/>
<ዕቃ ስም="ዘይት" ዋጋ="1,150" ብዛት="1"/>
</ደረሰኝ>

«ዕቃ» ኤለመንት ነው፤ በውስጡ ያሉት ስም፣ ዋጋና ብዛት አትሪቢዩት ይባላሉ። በነገራችን ላይ፣ በፊደላችን እንዲህ መሰየም የተቻለው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.0 ለስያሜ የፈቀዳቸው ፊደላት ዩኒኮድ 2.0 ላይ የነበሩትን ብቻ ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ግን በ1999 ነው። የተፈቀደልን በ2004 በኤክስኤምኤል 1.1፣ ከዚያም በ2008 በኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም ነው።

እንዲህ ያለውን ፋይል ወደ ሌላ መልክ፣ ለምሳሌ ወደ ድረ ገጽ ሠንጠረዥ፣ የሚቀይረው ቋንቋ ኤክስኤስኤልቲ ነው። የመጀመሪያው እትም፣ 1.0፣ በጄምስ ክላርክ አርታኢነት በ1999 ወጣ። ከሰነዱ ውስጥ የተፈለገውን ነቅሶ የሚያወጣለት ኤክስፓዝ የተባለው አጋሩ ነው። //ዕቃ/@ዋጋ ብለን ስንጽፍ «ዕቃ ባለበት ሁሉ ዋጋውን አምጣ» ማለታችን ነው፤ የ@ ምልክት የሚፈለገው አትሪቢዩት መሆኑን ይናገራል። ይህንን «ሰም» ለሚባለው ፋንክሽን ከሰጡት (ስሙ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው) ይደምረዋል። ሉፕ የለ፣ ቆጣሪ የለ፤ አንድ መስመር በቃ።

ከላይ ባለው ደረሰኝ ላይ ግን 1720.5 አያገኙም። የሚመጣው «ናን» ነው፤ ቁጥር አይደለም ማለት። ጥፋተኛው ዘይቱ ነው። አትሪቢዩት ውስጥ ያለው ሁሉ ጽሑፍ ስለሆነ ፋንክሽኑ መጀመሪያ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፤ ኮማ ያለበት፣ ባዶ የተተወ ወይም በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ ዋጋ አይቀየርለትም። አንዱ ከተበላሸ ድምሩ በሙሉ ይበላሻል። ብዙዎች በዚህ ይናደዳሉ፤ እኔ ግን የተሳሳተ ድምር ከመስጠት እምቢ ማለቱን እመርጥለታለሁ። ቁጥር ያልሆኑትን አጣርቶ መጣልም ይቻላል፤ ያኔ ደንበኛው ዘይቱን በነጻ ወሰደ ማለት ነው።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ዋጋውን በብዛቱ አባዝተን መደመር ስንፈልግ ነው። በኤክስኤስኤልቲ 1.0 «ሰም» የሚደምረው ሰነዱ ውስጥ ያሉትን ዋጋዎች እንጂ እግረ መንገድ የተሰሉትን አይደለም። በሌላ ቋንቋ የለመደ ሰው ጠቅላላ ድምር የሚይዝ ተለዋዋጭ ሰይሞ በየዙሩ ሊጨምርበት ይሞክራል፤ እዚህ ግን ተለዋዋጩ አንዴ የያዘው አይለወጥም። መፍትሔው ራሱን የሚጠራ ቴምፕሌት ነው፦ የመጀመሪያውን ዕቃ ያባዛል፣ እስካሁን የተደመረውንና የቀሩትን ዕቃዎች እንደ ዱላ ቅብብል ለቀጣዩ ጥሪ ያቀብላል፤ ዕቃው ሲያልቅ ድምሩን ይመልሳል። ይሠራል፤ ግን ለአንድ ማባዛት ብዙ መስመር ነው።

በማይክል ኬይ አርታኢነት በ2007 የወጣው ኤክስኤስኤልቲ 2.0 ይህን ሸክም አቃለለ። ሰም(//ዕቃ/(@ዋጋ * @ብዛት)) ብቻ ይበቃል። ኮማውንም እዚያው ቅንፍ ውስጥ ማስወገድ ይቻላል፤ ያኔ ድምሩ 1840.5 ይሆናል። ኮማው ካልተወገደ ግን 2.0 «ናን» ብሎ አያልፍም፣ ስህተት ብሎ ሥራውን ያቆማል። ለሳንቲም የሚጠነቀቅ ሰው ዋጋዎቹን ዴሲማል ወደሚባለው የቁጥር ዓይነት ይቀይር፤ አለበለዚያ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ልክ 0.3 አይሆኑም።

ብራውዘሮችና ብዙ ቦታ የሚገኘው ሊብኤክስኤስኤልቲ የተባለው ፕሮግራም የሚያውቁት 1.0ን ብቻ ነው። ስለዚህ ኮድ ከመጻፍዎ በፊት የሚጠቀሙበት ፕሮግራም የትኛውን እትም እንደሚያነብ ያረጋግጡ፤ ምርጫው የእርስዎ ከሆነ ሳክሰን የተባለውን ፕሮግራም ይዘው በ2.0 ወይም በ3.0 ይጀምሩ።