አዋጅና መሐላ፦ የበዓለ ሲመት ንግግር ከደብረ ታቦር ሲታይ

በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን ዜና መዋዕል ውስጥ አንድ ወግ አለ። ንጉሡ እንደነገሡ አምባ ጫራ ላይ ነጋሪት አስጎስመው፣ ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ፣ ገበሬው እርሻውን፣ ነጋዴው ንግዱን ይያዝ ሲሉ አወጁ። ይህን የሰሙ ወንበዴዎች መሣሪያቸውን እንደታጠቁ ደብረ ታቦር ድረስ መጡና በአዋጁ መሠረት የአባቶቻቸው ሥራ እንዲጸናላቸው ጠየቁ። ሥራቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ መግደልና መዝረፍ መሆኑን ሳያፍሩ ተናገሩ። ንጉሡ እርሻ እንደሚሻላቸው መከሯቸው፤ በሬና ማረሻም ሊሰጧቸው ቃል ገቡ። ወንበዴዎቹ ግን አሻፈረኝ አሉ። ንጉሡም እሺ ብለው አሰናበቷቸው፤ መንገድ ላይ ግን በፈረሰኛ ደርሰው ፈጇቸው።

ወጉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የቴዎድሮስን ብልሃትና ጭካኔ ለማሳየት ነው። ስለ ንግግር ለሚያስብ ሰው ግን ሌላም ቁም ነገር አለው። አዲስ ሹም መጀመሪያ የሚናገረው ቃል የመጀመሪያ ዕዳው ነው። ሰሚው ቃሉን ይዞ ደጅ ይጠናል፤ ሌባም ቢሆን።

ሁለቱ ምንጮች

ዛሬ «የበዓለ ሲመት ንግግር» የምንለው ነገር በአገራችን ከሁለት ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ከአዋጅና ከመሐላ። አዋጅ ሰሚውን ያስራል፤ መሐላ ተናጋሪውን።

አዋጅ የራሱ ሰዋስው ነበረው። ነጋሪት ተጎስሞ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በተለይም በገበያ፣ በአዋጅ ነጋሪ አፍ ይነገራል። አገሩን ሁሉ እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ «አንተ» ይለዋል። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው ማሳሰቢያም ለጌጥ የገባ አልነበረም፤ ጋዜጣና ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን ቃሉ ከጉና ተራራ ወዲያና ወዲህ የሚደርሰው ከአፍ ወደ አፍ ነውና። ስለዚህ አዋጅ አጭርና ለማስታወስ የሚመች መሆን ነበረበት። ትእዛዙን ተከትሎ ቅጣቱ ይመጣል፤ ምክንያት ማብዛት አልተለመደም።

መሐላ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የመጣ ነው። እንደ ሠርፀ ድንግልና ሱስንዮስ ያሉ ነገሥታት አክሱም ላይ ሥርዓተ ንግሥ ሲፈጽሙ ደናግል መንገዱን በገመድ ዘግተው ማንነታቸውን ይጠይቋቸው ነበር። ንጉሡ የጽዮን ንጉሥ መሆኑን ተናግሮ ገመዱን በሰይፍ ሲቆርጥ መንገዱ ይከፈትለታል። የታሪካችን አጭሩ የሹመት ንግግር ምናልባት ይህ ነው። ንጉሡ የሚገባው ተጠይቆና መልሶ ነው።

ድምፅና ዘውድ

ደብረ ታቦርን በመናገሻነት የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ ዘውድ የጫነ ንጉሥ ይቀመጣል፤ ማዘዝና ማዝመት የሚችለው ራስ ግን ደብረ ታቦር ነበር። ዘውድ ያለው ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው ዘውድ የለውም። የኋላው አጼ ቴዎድሮስ፣ ካሣ ኃይሉ፣ በ1845 አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በ1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ካሸነፉ በኋላ የተለያዩት ሁለቱ ነገሮች ተገናኙ። በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀቡ።

የመረጡት ስም ራሱ ንግግር ነበር። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚመጣ ይተነብያል። ካሣ ይህን ስም ሲይዙ ካህኑም ገበሬውም ያለ ማብራሪያ ገባው፤ የመከራው ዘመን አለቀ ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለ ተስፋ ግን ለተናጋሪውም ይከብዳል። በቃል ያልጸናው በኃይል እንዲጸና ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ አሠሩ፤ በ1860 መጀመሪያም ወደ መቅደላ ሲያመሩ ከተማይቱን አቃጥለዋት ሄዱ።

ከዘውድ ወደ ሬዲዮ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ንጉሡ በራሱ አንደበት፣ በማይክሮፎን መናገር ጀመረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ጫኑ፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ ያደረጉትን ንግግር ነው። ክፉን በክፉ አትመልሱ የሚለው መልእክቱ እንደ አዋጅ ያዛል፤ ያዘዘው ግን ምሕረትን ነው። ሁለተኛ ሹመት ቢባል አያንስም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ንጉሠ ነገሥቱ ሲነግሥ የሚምለውን ቃል በአንቀጽ አሰፈረ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ የድሮው አዋጅ ተመልሶ መጣ። በሬዲዮ የተነበበ፣ በአንድ ሰው ስም ያልወጣ፣ «ኢትዮጵያ ትቅደም» በሚል ሁለት ቃል የተጠቀለለ አዋጅ ነበር። ከአፍ ወደ አፍ እንዲሄድ ማጠሩ ከጥንቱ ጋር ያመሳስለዋል። ተናጋሪው ግን በስም ስላልታወቀ፣ ቃሉን ይዞ ደጅ የሚጠና ሰው የማንን ደጅ እንደሚጠና አያውቅም ነበር።

የሪፐብሊኩ ሁለት መድረኮች

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሹመቱን ለሁለት ከፈለው። ፕሬዚዳንቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመረጣል፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም በዚሁ ስብሰባ ፊት ቃለ መሐላ ይፈጽማል። የማስፈጸም ሥልጣኑ ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።

ከዚህ አንድ የሚያስገርም ነገር ወጣ። ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ ምክር ቤቶቹን ሲከፍት የሚያቀርበው የመንግሥትን ዕቅድ ነው። ድምፁ የእርሱ ነው፤ ውሳኔው የሌላ። በክብር ከፍ ያለ አዋጅ ነጋሪ ነው ማለት ይቻላል። የራሱን ቃል የሚናገረው በተሾመበት ቀን ነው። ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ይህን ዕድል በሚገባ ተጠቅመውበታል፤ ስለ ሰላም አጥብቀው ተናገሩ፣ ስለ ሴቶች አበዛሁ ብላችሁ ካሰባችሁ ገና መጀመሬ ነው የሚል መንፈስ ያለው ማሳሰቢያም አከሉ።

በጠቅላይ ሚኒስትሮች በኩል ሁለት ዓይነት ንግግር ታይቷል። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ መስከረም 11 ቀን 2005 የተናገሩት የቀጣይነት ንግግር ነበር፤ ከመለስ ዜናዊ የተረከቡትን መንገድ ሳይለውጡ ማስቀጠል። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ያደረጉት የሽግግር ንግግር ነው። ይቅርታ ጠየቁ፣ እናታቸውንና ባለቤታቸውን አመሰገኑ፣ ለተቃዋሚዎች «ተፎካካሪ» የሚለውን ስም አመጡ፣ ለኤርትራም የሰላም ጥሪ አቀረቡ። ከሦስት ወር ከጥቂት ቀን በኋላ ሐምሌ 2 ቀን አስመራ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ቃል እንዲህ ፈጥኖ ተግባር ሲሆን ብዙ አይታይም።

የውጭው ልምድ

በዘውጉ ረጅም ልምድ ያላት አሜሪካ ናት። ዋሽንግተን ሁለተኛ ዘመናቸውን በ135 ቃላት ጀመሩ። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1841 ከ8,400 በላይ ቃላት ተናገሩ፤ ከአንድ ወር በኋላም አረፉ። ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1865 በ700 ቃላት ገደማ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ ድል ከመፎከር ይልቅ ጥፋቱን ለሁለቱም ወገን አካፈሉ። ያን ጊዜ ቴዎድሮስ ከነገሡ አሥር ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ካምቤልና ጄሚሰን የተባሉት አሜሪካውያን የንግግር አጥኚዎች እንደሚሉት፣ እንዲህ ያለ ንግግር በምርጫ የተከፋፈለውን ሰሚ እንደገና «ሕዝብ» ያደርገዋል፤ የጋራ እሴትን ያስታውሳል፤ የሚመራበትን መርሕ ይናገራል፤ ተናጋሪው የሥልጣኑን ልክ እንደሚያውቅ ያሳያል። የእኛን ንግግሮች በዚህ ሚዛን ብናስቀምጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሞልተው ይፈስሳሉ። አንድነት፣ ታሪክና ጀግንነት አይጎድሉም። ቀለል የሚለው የመጨረሻው ነው። ሹሙ «ይህን አላደርግም» ብሎ ራሱን የሚያስርበት ዐረፍተ ነገር ከአዋጁ ድምፅ በታች ይሰወራል።

ቃል የያዘ ሰሚ

«ሰላም» የማይገባበት የሹመት ንግግር የለም። መስከረም 24 ቀን 2014 በመስቀል አደባባይ የዶክተር ዐቢይ በዓለ ሲመት ሲከበር፣ ደብረ ታቦር ከባድ መሣሪያ ከወደቀባት ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ከዚያም ወዲህ ከተማይቱ ያለችበት ደቡብ ጎንደር ተኩስ አልራቀውም። የፋርጣና የጋይንት ገበሬ ሰላም የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚመዝነው ማሳው ደርሶ መመለስ በመቻሉ ነው።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል የአገሩ ሰው። ወንበዴዎቹ ወደ ደብረ ታቦር የመጡት ክፉ ነገር ይዘው ነው፤ አመጣጣቸው ግን ትክክል ነበር። አወጅህ፤ ሰማን፤ ፈጽምልን አሉ። የበዓለ ሲመት ንግግር የሚፈተነው በጭብጨባው ሳይሆን፣ ቀና ሥራ ያለው ገበሬ እንደነሱ ቃሉን ይዞ ደጅ ቆሞ በደኅና መመለስ በመቻሉ ነው።