ድንበርና ውሃ በአንድ ወረቀት

ኮሎራዶ ኦሮራ ያላችሁ ወገኖች፣ ከቧንቧችሁ የምትቀዱት ውሃ ከፊሉ የሳውዝ ፕላት ወንዝ ነው። ወንዙ ዴንቨርን አቋርጦ ወደ ነብራስካ ይወርዳል። ውሃው ብራይተን አካባቢ በዳርቻው ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ተስቦ በ34 ማይል ቧንቧ ወደ እኛ ይመለሳል።

እንደ ውሃ መሐንዲስ ደጋግሜ የማነበው ኮሎራዶና ነብራስካ በ1923 እ.ኤ.አ. የተዋዋሉትን ውል ነው። በመስኖ ወራት ድንበሩ ላይ ፍሰቱ በሰከንድ ከ120 ኪዩቢክ ጫማ ሲያንስ፣ ኮሎራዶ በታችኛው ተፋሰስ ከ1897 አጋማሽ ወዲህ መብት ያገኙትን የወንዝ ውሃ ጠላፊዎች ታስቆማለች። ነብራስካ ደግሞ ለክረምቱ ውሃ ኮሎራዶ መሬት ላይ ቦይ እንድትቆፍር ተፈቅዶላታል። ጠቡ የተነሳው እዚህ ላይ ነው፤ በሌላው መሬት መቆፈር ቀላል አይደለም። ነብራስካ በሐምሌ 2025 ኮሎራዶን በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰች።

የአባይም ነገር ከድንበር ተለይቶ አያውቅም። ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የፈረሙት የኢትዮጵያና የሱዳን የድንበር ውል ነበር፤ የአባይን ፍሰት ስለሚያግድ ግንባታ የሚናገረው አንቀጽ የገባው እዚያው ውስጥ ነው። በ2020 መጨረሻ ኢትዮጵያና ሱዳን በሚወዛገቡበት የአልፋሽቃ መሬት ላይ ተኩስ ሲከፈት የሕዳሴው ግድብ ድርድር ገና አላለቀም ነበር። መሬት የሚካሰሱ ጎረቤታሞች የግድብ መረጃ መለዋወጥ ይከብዳቸዋል።

እዚህ ግን ድንበሩ አጠገብ ያለውን የጁልስበርግን የፍሰት ልኬት የሁለቱም ግዛት ገበሬ በስልኩ ያያል። ለአባይም ከሁሉ አስቀድሜ የምመኘው ይህንን ነው።