ያውቁ ኖሯል? ትልቅ ስክሪን ለቤት ስቱዲዮ

የስክሪን ኢንች የሚለካው በወርድ ሳይሆን በሰያፍ፣ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ባለ 27 ኢንቹ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ባለ 32ቱ 71፣ ባለ 43ቱ ደግሞ 95። ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሜትር ይዘው በሁለቱ ስፒከሮችዎ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ።

የቤት ውስጥ የሙዚቃ ቅንብር በትልቅ ስክሪን አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው፣ የሚዲ መሰኪያ አብሮት የተሠራለት አታሪ ኤስቲ ኮምፒውተር ጥቁርና ነጭ ስክሪኑ 12 ኢንች፣ ጥራቱም 640 በ400 ፒክስል ብቻ ነበር። የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራሙ ኩቤዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የተወለደው በዚሁ ማሽን ላይ ነው። የዛሬው 4ኬ ስክሪን ፒክስሉ የዚያን ከ32 እጥፍ በላይ ነው።

ስክሪን ስለተለቀ ብቻ ብዙ ትራክ እንደማያሳይስ? ባለ 24 እና ባለ 27 ኢንች ፉል ኤችዲ ሁለቱም 1920 በ1080 ፒክስል ናቸው። ትልቁ ያንኑ ምስል አግዝፎ ያሳያል እንጂ አንዲት ትራክ አይጨምርም። 27 ኢንች ከገዙ 2560 በ1440 የሆነውን ይጠይቁ።

ባለ 43 ኢንች 4ኬ፣ አራት ባለ 21.5 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪኖችን ያለ ክፈፍ እንደመግጠም ነው። ትራኮቹ ከላይ፣ ሚክሰሩ ከታች ይዘረጋሉ። 4ኬ በ32 ኢንች ሲሆን ግን ጽሑፉ ስለሚደቅ ብዙዎች ወደ 150 ፐርሰንት ያጎሉታል፤ ያን ጊዜ የሚተርፈው የሥራ ቦታ ከ2560 በ1440 ጋር እኩል ነው። አንዳንድ የቆዩ ፕለጊኖች ማጉላቱን አይቀበሉም፤ ቁልፎቻቸው የምስር ፍሬ ያክላሉ።

ቴሌቪዥን ለስክሪንነት ያገለግላል፤ ነገር ግን ኤችዲኤምአይ 1.4 ብቻ ያለው 4ኬውን ከ30 ኸርዝ በላይ ስለማያሳልፍ ማውሱ ይጎተትብዎታል። 2.0 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

144 ኸርዝ የጌም ተጫዋቾች ፍላጎት ነው። ለሙዚቃ 60 ይበቃል።

ኦሌድ ውብ ነው፤ ይሁንና የሙዚቃ ፕሮግራም ሜኑ ቀኑን ሙሉ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ውሎ አድሮ አሻራውን ሊተው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ ስክሪኑ ድምፅዎን ሊያበላሽ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ሲገዛ ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከስፒከሩ ወጥቶ ስክሪኑን ነክቶ የተመለሰው ድምፅ በቀጥታ ከመጣው 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ረዝሞ ቢጓዝ፣ ጆሮዎ የሚደርሰው በአንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ 500፣ 1500 እና 2500 ኸርዝ አካባቢ ይጣላሉ፤ ድምፁም እዚያ ይሳሳል። ይህ ደግሞ የድምፃዊው ቃል የሚኖርበት ሰፈር ነው። የጎደለ መስሎዎት በኢኪው ይጨምሩታል፤ መኪና ውስጥ ሲከፍቱት ይጮሃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስፒከሮቹን ከስክሪኑ ወደ ፊት ገፋ አድርገው ያውጡ፣ ትዊተሮቹን ከጆሮዎ ቁመት ያስተካክሉ፣ ስክሪኑን ዝቅ አድርገው ወደ ኋላ ራቅ ያድርጉት። ለመፈተሽ የሚያውቁትን ዘፈን ይክፈቱና አንድ ጊዜ ስክሪኑን በታጠፈ ጋቢ ሸፍነው፣ አንድ ጊዜ ገልጠው ያዳምጡ።

ስክሪኑን በኬብል ሲያገናኙ ስፒከሩ «ዝዝዝ» ማለት ከጀመረ፣ ብዙ ጊዜ መነሻው ኮምፒውተሩና ስፒከሩ በተለያየ መንገድ ከመሬት ሽቦ መገናኘታቸው ነው። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ፤ ባላንስድ ኬብል ይጠቀሙ። የመሬት ሽቦውን ግን በጭራሽ አይቁረጡ፤ ሕይወት ያስከፍላል።

የእኔ ምርጫ በአነስተኛ ክፍል ውስጥ 2560 በ1440 የሆነ ባለ 27 ኢንች ነው። ሰፊ ጠረጴዛ ካለዎት ባለ 32 ኢንች 4ኬ ይውሰዱ። ከዚያ በላይ የሚያወጡትን ብር ለስፒከር ያውሉት።