ላዩ በረዶ፣ ታቹ ሙቅ የሆነ ፍሪጅ



ረመዳን ሲቃረብ የኢፍጣር ኮሚቴን ከሚያስጨንቁ ነገሮች አንዱ ፍሪጅ ነው። የጀመዓ ፍሪጅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው አዲስ ሲገዛ የለገሰው፣ ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ ብዙም የማይርቅ ዕቃ ነው። ሕመሙም የታወቀ ነው፦ ላይ ያለው ፍሪዘር ውኃ ያረጋል፣ ታች የተቀመጠው ወተት ግን በማግስቱ ይበላሻል። ሠራተኛ ሲጠራ ቶሎ የሚሰማው መልስ «ጋዝ አልቋል» የሚል ነው። የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ የሰደቃ ነው፤ አማና ነው። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ራሳችን የምናጣራው ነገር አለ።

ባለ ሁለት በር፣ ግድግዳው ላይ በረዶ የማይታይበት ፍሪጅ ቅዝቃዜ የሚሠራው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ከፍሪዘሩ የኋላ ሽፋን ጀርባ ሠራተኞች ኢቫፖሬተር የሚሉት ጥቅል ቱቦ አለ። ትንሽ ፋን አየሩን በቱቦው ላይ እያሳለፈ ከፊሉን ለፍሪዘሩ፣ ከፊሉን በቀዳዳ ወደ ታች ይልካል። ታችኛው ክፍል የራሱ ማቀዝቀዣ የለውም፤ የሚኖረው ከላይ በሚላክለት ነፋስ ነው። ፋኑ ከቆመ፣ ወይም ቱቦው በበረዶ ከታፈነ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። (ፋን የሌለው ባለ አንድ በር ፍሪጅ ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፤ በረዶውን በየጊዜው አቅልጡ፣ በቃ።)

በረዶው ከእርጥበት ነው የሚመጣው። ከመግሪብ በፊት በሩ በየደቂቃው ሲከፈት፣ ክዳን የሌለው ትኩስ ሾርባ ሲገባ፣ እንፋሎቱ ሄዶ ቱቦው ላይ ይረጋል። ፍሪጁ ይህን የሚያስወግድበት ዘዴ አለው። በአሮጌዎቹ ላይ ታይመር የሚባል ትንሽ ሰዓት ሞተሩ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ያቆመውና ከቱቦው ሥር ላለው ሂተር መብራት ይሰጣል። ሂተሩ በረዶውን ያቀልጣል፣ ውኃው በቱቦ ወርዶ ከኋላ ባለው ሳህን ይጠራቀማል፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ሞተሩ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ፍሪጁ ዝም ቢል ታሟል ብላችሁ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ምርመራው። ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፣ ባዶ አድርጉት፣ ሁለቱንም በር ከፍታችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት፤ ወለሉ ላይ ጨርቅ አንጥፉ። በረዶውን በቢላዋ መፈልፈል ክልክል ነው፤ ቱቦው ከተበሳ የቀለለው ጥገና ከባድ ይሆናል። ከዚያ መልሳችሁ ሰኩት። ለጥቂት ቀናት ደህና ሠርቶ እንደገና ታቹ ከሞቀ፣ ችግሩ ማቅለጫው ላይ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታቹ ካልበረደ ፋኑን ተጠራጠሩ። ፋኑ በር ሲከፈት የሚቆም ስለሆነ የበሩን ማብሪያ በጣት ተጭናችሁ አዳምጡ። ድምፅ ከሌለ፣ ፍሪጁን ነቅላችሁ ክንፉን በእጅ አዙሩት። ከከበደ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ሊያስነሳው ይችላል፤ የምግብ ዘይት ግን ይደርቅና ያብሰዋል። በቀላሉ እየዞረ መብራት ሲያገኝ የማይነሳ ከሆነ ግን መቀየር አለበት።

ማቅለጫው ከሆነ ብዙ ሰው ዘሎ ታይመር ይገዛል። እኔ መለካት ይቀድማል ባይ ነኝ። ታይመሩን በካቻቢቴ ቀስ አድርጋችሁ «ቀጭ» እስኪል አዙሩ፤ ሞተሩ ቆሞ ሂተሩ ከሞቀ ጥፋቱ የታይመሩ ነው፣ በራሱ አይዞርም ማለት ነው። ሂተሩ ካልሞቀ ፍሪጁን ነቅላችሁ በመልቲሜትር ለኩት፦ በ220 ቮልት የሚሠራ የ150 ዋት ሂተር 320 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ከሂተሩ ጋር የተያያዘችው ክብ ቴርሞስታት ብዙዎችን ታሳስታለች፤ በክፍል ሙቀት ክፍት ሆና መገኘቷ ጤንነቷ ነው። የምትዘጋው ከዜሮ በታች ስትቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ሌላ ፍሪዘር ውስጥ አቆይታችሁ ለኳት።

አጠገቧ ፊውዝ ካለና ከተቃጠለ፣ በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ የሚባለውን ዘዴ አትቀበሉ። ቴርሞስታቷ ተጣብቃ ብትቀር ሂተሩን ፕላስቲኩን ከማቅለጥ የሚያቆመው እሱ ብቻ ነው፤ ፍሪጁ ያለው ደግሞ ሰው በሚተኛበት ግቢ ውስጥ ነው።

ሽፋኑን ስትከፍቱ የበረዶውን ቅርጽም አስተውሉ። ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው ማቅለጫው አልሠራም። ፋኑ እየዞረ፣ ሞተሩም ለሰዓታት ሠርቶ በረዶው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከታየና ሌላው ቱቦ ደረቅ ከሆነ ግን፣ ያኔ ጋዝ የጎደለ ሊሆን ይችላል። ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ አያልቅም፤ የሚጎድለው ሲያፈስ ነው። ሠራተኛውን «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «የሚያፈሰው የት ነው?» በሉት፤ ቀዳዳውን አግኝቶ ሳይደፍን እንዳይሞላ።