በፍሪጁ ሆድ ውስጥ ያለው መዳብ

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት የፈረቃው ኃላፊ ደወለልኝ። «ኢንጂነር፣ ፌሮው እየተሰነጠቀብን ነው፤ ቶሎ ድረስ!» ስደርስ ከሮሊንግ ማሽኑ የሚወጣው ቀይ ብረት ፊቱ እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ ተተርትሯል። ናሙናውን በስፔክትሮሜትር አየነው፤ መዳቡ 0.4 በመቶ። ምድጃችን በአንድ ጊዜ 10 ቶን ስለሚያቀልጥ፣ 40 ኪሎ መዳብ ሳናውቀው ከብረቱ ጋር አብረን አቅልጠናል ማለት ነው።

ሲነጋ የቁርጥራጩን ክምር አገላብጠን ምክንያቱን አገኘነው፤ የፍሪጅ ኮምፕረሰር። ዙሪያው በወፍራም ብረት ተበይዶ የታሸገ ነው። ማግኔት ይይዘዋል፣ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ሆዱ ውስጥ ግን የመዳብ ጥቅል ሽቦ አለ። መዳብ ከብረት በብዙ እጥፍ እንደሚያወጣ ከቆራሌው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ትልቅ ሞተር ሳይፈታ አይሸጥም። ይህን እልከኛ ጣሳ ለመክፈት ግን መቁረጫ፣ መብራትና ትርፍ ሰዓት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ የምንከፍለው በኪሎ ነበር። ጥፋቱን በእሱ ላይ ልጭን አልችልም።

ከመዳብ የባሰ አስቸጋሪ እንግዳ በሙያችን ጥቂት ነው። ካርቦንና ሲሊከን ቢበዙ በኦክስጅን ተቃጥለው ይወጣሉ። መዳብን እናቃጥል ብንል ግን ቀድሞ የሚቃጠለው ብረቱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ አንዴ ከገባ አይወጣም። ብረቱ ለሮሊንግ ሲግል ላዩ ከአየር ጋር ተዋህዶ ቅርፊት ይሠራል፤ መዳቡ ከቅርፊቱ ሥር ይጠራቀማል። በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥም ፈሳሽ ሆኖ በብረቱ ቅንጣቶች መሀል ይሰርጋል። ሮለሩ ሲጫነው ብረቱ በዚያው ይተረተራል። የኛ የኢንዳክሽን ምድጃ ደግሞ ያቀልጣል እንጂ አያጣራም።

የሚቀረው ማቅጠን ነው፤ ከማዕድን በቀጥታ የተሠራ፣ መዳብ የሌለበት ብረት መቀላቀል። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ጋ ነው። ቁርጥራጭ ለማቅለጥ በቶን 600 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት እንፈጃለን፤ የሀገራችን መብራት ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ነው። ከማዕድን የሚሠራው ብረት ግን በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል ልጅ ነው። ከሰሉ ማሞቂያ ብቻ አይደለም፤ በማዕድኑ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ነጥቆ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። በዚህ መንገድ አንድ ቶን ብረት ለማግኘት 2 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይለቀቃል።

በሰሜን ስዊድን፣ ሉሊዮ ከተማ፣ ሃይብሪት የተባለው ፕሮጀክት ይህንን የከሰል ሥራ ለሃይድሮጅን ሰጥቷል። ሦስት የስዊድን ኩባንያዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ጀምረውት በ2021 የመጀመሪያውን ስፖንጅ ብረት አወጡ። ሃይድሮጅኑ ኦክስጅኑን ሲወስድ የሚሆነው የውሃ እንፋሎት ነው። በትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍነው ቀመር ፋብሪካ ሆኖ ሳይ እውነትም ልቤ ሞላ። ሆኖም ሃይድሮጅኑን ከውሃ ለመለየት ብዙ መብራት ይፈልጋል፤ ሥራው በሙሉ በቶን 3,500 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ከእኛ ስድስት እጥፍ ያህል። እንዲህ በውድ የተገኘ ንጹሕ ብረት የፍሪጅ መዳብ ማቅጠኛ ሲሆን አይታየኝም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ አለቆቼን ለምኜ በግቢው በር አጠገብ አንድ ጠረጴዛና መቁረጫ አስተከልኩ። ኮምፕረሰር ለብቻው ይመጣል፣ እዚያው ይከፈታል፤ ብረቱን እንገዛለን፣ መዳቡ ለአምጪው ይመለሳል። አንድ ወጣት ቆራሌ መጀመሪያ ቀን አላመነኝም። «ጋሼ፣ መዳቡን እውነት ለኔ ትሰጡኛላችሁ?» አለኝ። በማግስቱ በጋሪ ሙሉ ይዞ መጣ፤ ሁለት ጓደኞቹንም አስከትሏል።

ያለፈው ሳምንት ናሙና 0.22 አሳይቷል። የልብስ ማጠቢያ ሞተሮቹ ግን አሁንም በክምሩ መሀል ተደብቀው እየገቡብን ነው፤ ለእነሱ ሁለተኛ መቁረጫ ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው።