ሥርም ቁስሉን ያድናል

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ሥር ነው። «ስለ ሥር ደግሞ ምን ይወራል?» እንዳትሉ! እኔም እንደ እናንተ ነበር የማስበው።

ነገሩ የጀመረው ቱላ አያቴ ጋ ሄጄ ሚጣጢስ ሳወጣ ነው። ሚጣጢስ ያልኳችሁ ስኳር ድንችን ነው። ስቸኩል ስድስቱን በዶማ ቆረጥኳቸው። አያቴ አይተው፣ «የቆሰለውን ከደህናው ለዪው የኔ ልጅ፣ አለዚያ ሁሉንም ያበሰብሰዋል» አሉኝ። እኔ ግን ሰነፍኩና ሁሉንም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንከፍተው ግማሹ በስብሷል። የቤቱ ቀለብ ነበር። አያቴ ምንም አላሉኝም፤ ዝምታቸው ግን ከቁጣ በለጠብኝ።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ከቆረጥኳቸው ውስጥ ሁለቱ ደህና ነበሩ! ቁስላቸው ላይ እንደ ቅርፊት ያለ ነገር ወጥቶበታል። የሳይንስ ቲቸራችንን ብጠይቃቸው እንዲህ ብለው አስረዱኝ።

ድንች ከመሬት በታች የሚያድግ ግንድ ነው፤ ሚጣጢስ ግን ምግብ ያጠራቀመ እውነተኛ ሥር ነው። ሥር ደም ስለሌለው ወደ ቁስሉ ሮጠው የሚደርሱለት ነጭ የደም ህዋሳት የሉትም። እያንዳንዱ ህዋስ ባለበት ቆሞ ነው ራሱን የሚከላከለው። እንዴት መሰላችሁ?

1ኛ. ልክ ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣል። ስለሚያጣብቅ ቁስሉን ይሸፍናል።

2ኛ. የተቀደዱት ህዋሳት ይሞታሉ። በውስጣቸው ተለያይተው የነበሩ ንጥረ ነገሮች ተቀላቅለው ኦክስጅን ሲያገኙ ቁስሉ ይጠቁራል። ይህ የጠቆረው ነገር ለባክቴሪያና ለፈንገስ አይመችም።

3ኛ. ከሞቱት በታች ያሉት ህዋሳት ጎረቤታቸው መጎዳቱን በኬሚካል መልእክት ያውቃሉ። ከዚያ ግድግዳቸውን በሊግኒን እና በሱበሪን ያጠነክራሉ። ሊግኒን እንጨትን የሚያጠነክረው ነው፤ ሱበሪን ደግሞ ቡሽ ውሃ እንዳያሳልፍ የሚያደርገው።

4ኛ. ከእነዚህ በታች ያሉት ህዋሳት እንደገና መከፋፈል ይጀምራሉ። አዲስ የቡሽ ሽፋን ሠርተው ቁስሉን ይዘጋሉ። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ አየሩም እርጥበት ያለው ከሆነ ይህ ከ4 እስከ 7 ቀን ይፈጃል።

እንግዲህ ነገሩ ሩጫ ነው ማለት ነው። ሽፋኑ ቀድሞ ካለቀ ሥሩ ይድናል፤ ፈንገስ ቀድሞ ከገባ ይበሰብሳል። ፈንገስ ሲገባ እንኳ ህዋሳቱ ዝም አይሉም። አንዳንዶቹ ቶሎ ብለው ራሳቸውን ይገድላሉ፤ እሳት እንዳይሻገር ዙሪያውን ያለው ሣር እንደሚታጨደው ማለት ነው። ሌሎቹ መራራ መርዝ ያመነጫሉ። ስለዚህ የሻገተ ሚጣጢስ ለከብት አትስጡ! በሻገተ ሚጣጢስ ውስጥ የሚገኘው መርዝ የላምን ሳንባ ይጎዳል። እኛም ብንቀቅለው መርዙ ስለማይጠፋ መብላት የለብንም።

እኔም ላረጋግጥ ብዬ ስድስት ሚጣጢስ ቆረጥኩ። ሦስቱን ቅርጫት ውስጥ አድርጌ በኮባ ሸፍኜ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጥኩ። ሦስቱን ደግሞ ደጅ ፀሐይ ላይ ተውኩ። በሳምንቱ የቅርጫቶቹን ቁስል በጥፍሬ ስፍቀው ጠንካራ ነበር። የፀሐዮቹ ግን ተጨማደው ተሰነጣጥቀዋል። ምክንያቱም ህዋሳቱ ሽፋኑን ሳይሠሩ ደርቀዋል።

ሁሉም ተክል ግን ሁልጊዜ አያሸንፍም። እንሰትን እንውሰድ። የእንሰት አጠውልግ የሚባለውን በሽታ የምታመጣውን ባክቴሪያ ለይተው በ1968 እ.ኤ.አ. የጻፉት ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ ናቸው። ባክቴሪያዋ የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ላይ ተቀምጣ ወደ ጤነኛው ትሻገራለች። በቁስሉ ገብታ በውሃ መተላለፊያው ውስጥ ትሰራጫለች፤ ቅጠሉም ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል። አያቴ ቢላዋቸውን እሳት ላይ የሚያሳልፉት ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። እኔ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ሚጣጢስ ስታወጡ ቀስ በሉ። የቆሰለውን ለብቻ አስቀምጡና ቁስሉ እስኪደርቅ አትነካኩት፤ ወይም ቶሎ ቀቅላችሁ ብሉት። ቢላዋም ከእንሰት ወደ እንሰት ስትወስዱ በእሳት አሳልፉት።

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ቱላ ሄጄ ነበር። የቆሰለውን ለየሁ፤ ማንም ሳያዘኝ። አያቴ አይተው ሳቁ። «ማን አስተማረሽ?» ሲሉኝ፣ «እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር ደግሞ ምክንያቱን ነገሩኝ» አልኳቸው።